ያውቁ ኖሯል? የትንሿ መኪና ጣራና ፖርቶ መጋላዋ

አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ነው። የአብዛኞቹ ትናንሽ የቤት መኪኖች ጣራ በጉዞ ላይ እንዲሸከም አምራቹ የፈቀደለት ግን ከ50 እስከ 75 ኪሎ ብቻ ነው። ይህን ያውቁ ኖሯል? ጣራቸው ላይ ኩንታል አስጭነው ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች «ምንም አልሆነም፣ ቻለው» ይላሉ። የቆመ መኪና በእርግጥ ይችለዋል፤ ጣራውም ወዲያው አይጎብጥም። ጉዳቱ የሚመጣው መሪ ሲጠመዘዝ፣ ፍሬን ሲያዝና ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ነው።

በውጭ አገር ጣራ ላይ ተዘርግቶ የሚታደርበት ድንኳን ይሸጣል። ድንኳኑና ሁለት አዋቂዎች ሲደመሩ በቀላሉ 200 ኪሎ ያልፋሉ፤ ሆኖም በጉዞ ጊዜ 75 ኪሎ ብቻ የተፈቀደለት ጣራ ሌሊቱን ሙሉ ይሸከማቸዋል። መኪናው ቆሟልና። በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር የጉዞው ነው፤ መኪናው ቆሞ ስለቻለው ዕቃ ምንም አይነግረንም።

ያ ቁጥር ጣራው ላይ የሚገጠመውን የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላውን ራሱንም ይጨምራል። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሠፈር ካለ በያጅ ዘንድ በቱቦላሬ የተሠራ ፖርቶ መጋላ እንውሰድ፦ 40 በ20 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለአንድ ቅርጫት 12 ሜትር ከፈጀ ባዶው ብቻ 16 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ጣራው የተፈቀደለት 50 ኪሎ ከሆነ ለዕቃ የቀረው 34 ነው። ከፋብሪካ የሚወጡት ሁለት አግዳሚ የአሉሚኒየም ዘንጎች ከነእግራቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ስለሚመዝኑ የተሻለ ቦታ ይተዋሉ።

ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ የመኪናው ጣራ የሚችለው፣ አግዳሚው ዘንግ የሚችለው፣ ዘንጉ ላይ የሚታሰረው ሳጥን ወይም የብስክሌት ማሰሪያ የሚችለው። የሚሠራው ከሦስቱ ትንሹ ነው። ሻጩ «ይሄ 100 ኪሎ ይሸከማል» ካለዎት ስለ ዘንጉ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የመኪናዎን ጣራ ግን ከፍ አያደርገውም።

የመኪና ጥንካሬና የጣራ ጥንካሬም አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሱዙኪ ጂምኒ ገደል የሚወጣ፣ በአራቱም ጎማው የሚነዳ መኪና ነው፤ ለጣራው የተፈቀደለት ግን 30 ኪሎ ብቻ ነው። ሰውነቱ ጠባብ፣ ቁመናው ረጅም በመሆኑ ከላይ የሚጨመርበት ክብደት ቶሎ ያናጋዋል።

ኮረኮንች ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። አንዳንድ የፖርቶ መጋላ አምራቾች ከአስፋልት ውጭ ለሚደረግ ጉዞ የተፈቀደውን ጭነት ለ1.5 እንዲያካፍሉ ያዝዛሉ። 75 የነበረው 50 ይሆናል፤ 50 የነበረው 33። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ዕቃው ለቅጽበት ወደ ላይ ይነሣና ተመልሶ ያርፋል። ሲያርፍ እግሮቹ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ሚዛን ላይ ካሳየው ክብደት በብዙ ይበልጣል። አገራችን ውስጥ ከከተማ ወጣ ብለው ወደ ቤተሰብ የሚሄዱ ሰዎች የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ብዙ ጊዜ ጠጠር መንገድ ስለሆኑባቸው፣ እኔ ብጠየቅ ከመነሻው በትንሹ ቁጥር ይጫኑ እላለሁ።

50 ኪሎ ጣራ ላይ ሲወጣ መኪናው ላይ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። 1,000 ኪሎ የምትመዝን ትንሽ መኪና የክብደቷ መሃል ከመሬት ግማሽ ሜትር አለፍ ብሎ ይገኛል። 1.6 ሜትር ከፍታ ላይ 50 ኪሎ ሲጨመር ያ መሃል 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። አምስት ሴንቲሜትር ለጆሮ ትንሽ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ግን መኪናው በየኩርባው ወደ ውጭ ሲያዘነብል፣ መሪውን ቀና ሲያደርጉም ዘግይቶ ሲመለስ በእጅዎ ይሰማዎታል። ባዶውን መኪና በሚነዱበት ፍጥነት ኩርባ አይግቡ።

ያውቁ ኖሯል? የጣራው ጭነት ከመኪናው ጠቅላላ ጭነት ላይ የሚቀነስ እንጂ በላዩ የሚጨመር አይደለም። አንድ ትንሽ መኪና ሰውና ዕቃን ጨምሮ የሚፈቀድለት 420 ኪሎ ከሆነ፣ እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ የሆኑ አምስት ሰዎች 375ቱን ጨርሰዋል። የቀረው 45 ኪሎ ለኋላው ሻንጣም ለጣራውም ነው። አምስት ሰው ጭኖ ጣራውንም የሞላ መኪና ጣራው የተፈቀደለትን ባያልፍ እንኳ ጎማው፣ ሞላውና ፍሬኑ የተፈቀደላቸውን አልፈዋል።

ጎማውንም ያስነፉ። የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ልጥፍ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት የአየር መጠን ተጽፏል፤ ከፍ ያለው ለሙሉ ጭነት ነው።

ስለ ፍሬን እናውራ። በደረቅ አስፋልት ላይ በድንገት ፍሬን ሲያዝ 50 ኪሎ ዕቃ በ40 ኪሎ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። ግጭት ሲሆን ደግሞ ኃይሉ ከዕቃው ክብደት ከ10 እጥፍ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ማለት 50 ኪሎው እንደ ግማሽ ቶን ይገፋል። ዕቃውን ወደ ታች ጨፍልቆ የያዘ ገመድ ብቻውን ይህን አያቆመውም። ረጅም ዕቃ ሲጭኑ፣ መሰላልም ይሁን የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ ከፊት በኩል ወደ መኪናው መጎተቻ ቀለበት፣ ከኋላም እንዲሁ አንድ አንድ ገመድ ይውረድ። የፊተኛው ገመድ የሾፌሩን እይታ እንዳይጋርድ ወደ አንድ ወገን ያድርጉት።

በበዓል ዋዜማ ጣራ ላይ እግሩ ታስሮ የሚሄድ በግ የለመድነው ነገር ሆኗል። ለበጉም ለሰውም ልንተወው የሚገባ ልማድ ነው። አንድ የአገራችን በግ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ሦስት በግ የጫነች ትንሽ መኪና ከተፈቀደላት አልፋለች። ከክብደቱ ይልቅ የከፋው ግን ጭነቱ መንቀሳቀሱ ነው፤ በጉ በፈራ ቁጥር ይወራጫል፣ ገመዱን ያላላል፣ ኩርባ ላይ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ይጥላል። ለሥጋውም አይበጅም። ከመታረዱ በፊት ለረጅም ሰዓት የተጨነቀ እንስሳ በጡንቻው ውስጥ ያለውን የስኳር ክምችት ይጨርሳል፤ ይህ ክምችት ከሌለ ከዕርድ በኋላ ሥጋው በወጉ አሲዳማ አይሆንም፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። በጉን ከኋላ መቀመጫውን አጥፈው፣ ጆንያና ላስቲክ አንጥፈው፣ መስኮት ከፍተው ያምጡት። ካልሆነም ከሰፈርተኛ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንድ ጭነት መኪና ይያዙ።

ፍራሽስ? ፍራሽ ቀላል ስለሆነ ሰው በሲባጎ ያስረዋል። ክብደቱ አይደለም አደገኛው፣ ስፋቱ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ የሚገጥመን ነፋስ በደጋው ስስ አየር እንኳ በካሬ ሜትር ከ20 ኪሎ በላይ ይገፋል። ሜትር ከሃያ ስፋት፣ ሜትር ከዘጠና ርዝመት ያለው ፍራሽ ከፊት በኩል ቀና ካለ በ50 ኪሎ ገደማ ኃይል ወደ ላይ ሊነሣ ይችላል። በመስኮት እጅ አውጥቶ ፍራሽ የያዘ ተሳፋሪ ይህን ኃይል ፈጽሞ አይችለውም፤ ክንዱን ይዞበት ሊሄድ ይችላል። የፍራሹ ፊት በአግዳሚ ቀበቶ ተጨፍልቆ መታሰር አለበት፤ ጠርዙም ከአግዳሚው ዘንግ ብዙ መውጣት የለበትም።

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ይሳሳል። ስለዚህ ያው ፖርቶ መጋላ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ጅቡቲ ላይ የሚገጥመው የአየር ግፊት ከአዲስ አበባው የበረታ ነው። ከደጋ ወደ ቆላ በወረዱ ቁጥር ገመዱ ላይ ያለው ጉተታ ይጨምራል።

አየር ሲነሣ አዳማን (ናዝሬትን) ማለፍ አይቻልም። አዳማ ዙሪያ 51 ሜጋ ዋት፣ ቀጥሎም 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ነፋሱ ስለሚበረታ ነው። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ሲጠጉ ከጎን የሚመታ ነፋስ ጣራው ላይ ከፍ ያለ ጭነት ያለውን ቀላል መኪና ወደ ጎረቤት መስመር ሊገፋው ይችላል። ከባድ መኪና ቀድመው ሲወጡ በተለይ ይጠንቀቁ፤ የከለለዎት ግንብ ድንገት ይጠፋና ነፋሱ ባንዴ ይመታዎታል።

ያ የሚያፏጨው ፖርቶ መጋላ! ባዶ ሆኖ በፍጥነት ሲሄድ ለምን እንደሚጮኽ ያውቁ ኖሯል? ቼካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪንሴንስ ስትሩሃል እ.ኤ.አ. በ1878 ነፋስ ላይ የተወጠሩ ሽቦዎች ለምን እንደሚዘምሩ አጥንቶ ነበር። ነፋስ ክብ ዘንግ ሲመታ ከኋላው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች የሚሽከረከር አየር ይለቃል፤ የመለቀቁ ፍጥነት በነፋሱ ፍጥነትና በዘንጉ ውፍረት ይወሰናል። 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 220 ጊዜ ያህል ይህን ያደርጋል። ጆሯችን የሚሰማው እሱን ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በዘንጉ ላይ ገመድ በሰፊው እያጠማዘዙ ይጠቅልሉበት። ሽክርክሪቱ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ እንዳይለቀቅ ስለሚያደርገው ጩኸቱ ይሰበራል። ረጃጅም የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ላይ እንደ እባብ ተጠምዝዞ የሚታየው ብረትም በዚሁ ምክንያት የተገጠመ ነው። በዘመናዊ ዘንጎች ላይ ያለው ሸንተረር የበዛበት የጎማ ንጣፍ ሥራው ይኸው ነው።

የክንፍ ቅርጽ ያለው ዘንግ ፊትና ኋላ አለው። ደብዘዝ ብሎ የከበበው ጠርዝ ወደ ፊት፣ እየቀጠነ የሚሄደው ወደ ኋላ ይሁን። ገልብጠው የሚገጥሙ ሰዎች ለጸጥታው ተጨማሪ ገንዘብ ከፍለው ጩኸት ይዘው ይሄዳሉ።

ነዳጅስ? የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ለአሽከርካሪዎች ባወጣው ምክር መሠረት ጣራ ላይ የተጫነ ትልቅና ደፍጣጣ ሳጥን አንድ ሊትር የሚያስኬደውን ርቀት በከተማ ውስጥ ከ2 እስከ 8 በመቶ፣ በአውራ ጎዳና ከ6 እስከ 17 በመቶ፣ በሰዓት ከ105 እስከ 120 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ ከ10 እስከ 25 በመቶ ይቀንሳል። ያንኑ ዕቃ ከመኪናው ኋላ ቢያንጠለጥሉት ጉዳቱ በፈጣን መንገድ ላይ እንኳ 5 በመቶ ገደማ ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት በበለጠ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 120 ሲጨምሩ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ግፊቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጣራው ከተጫነ በ80 መሄድ ገንዘብ ነው።

ባዶው ፖርቶ መጋላም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የዩቼ ቼንና የአለን ማየር ጥናት በ2015 በአሜሪካ በጣራ ላይ ፖርቶ መጋላ ምክንያት ብቻ በዓመት 100 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 380 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ቤንዚን እንደሚቃጠል ገምቷል። ጥናቱ የደረሰበት ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ቅርጹን ከማሻሻል ይልቅ ሰዎች ባዶውን ተሸክመው መሄዳቸውን ቢተዉ የበለጠ ነዳጅ ይተርፍ ነበር። ተገጥሞ የሚነቀል እንጂ የሚበየድ ፖርቶ መጋላ አይግዙ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በቀድሞው ዘመን ፖርቶ መጋላ መግጠም ቀላል ነበር። ቮልስ፣ ሴቼንቶ፣ ላዳ፣ ሁሉም በጣራቸው ጎንና ጎን አሸንዳ ነበራቸው። ዝናቡን ከበሩ ላይ የሚያሸሸው ያ የብረት ከንፈር የጣራው ላሜራና የጎኑ ላሜራ የሚበየዱበት ቦታ ስለነበር ጠንካራ ነው፤ የፖርቶ መጋላው እግር እሱን ይነክስና ይጠብቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች ፍራሽም ሶፋም ያመላለሱት በዚህ ከንፈር ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ለነፋስ የተመቸ ይሁን የሚል ጥረት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው አውዲ 100 መስታወቱን ከሰውነቱ ጋር አስተካክሎ ለስላሳ አድርጎ ሲቀርብ ሌሎቹም ተከተሉ። አሸንዳው ጠፋ። ዛሬ የአንዱ መኪና ፖርቶ መጋላ ለሌላው የማይሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እግሩ የሚይዘው የበሩን አናት ስለሆነ የእያንዳንዱን መኪና ጉብጠት መከተል አለበት።

ስለዚህ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄደው «የቪትዝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቶዮታ ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥታ በ2005 እና በ2010 ሙሉ በሙሉ ተለውጣለች፤ የሦስቱ የጣራ ጎን አንድ አይደለም። የመኪናዎን የተሠራበት ዓመት፣ የበሮቹን ብዛትና የጣራውን ዓይነት ይዘው ይሂዱ። የጣራው ዓይነት አራት ያህል ነው፦ አሸንዳ ያለው፣ ምንም የሌለው ለስላሳ ጣራ፣ ከጣራው ከፍ ብለው ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ የጎን ብረቶች ያሉት፣ ከጣራው ጋር የተጣበቁ የጎን ብረቶች ያሉት።

አምስተኛውን ግን ብዙ ባለቤቶች አያውቁትም። በአንዳንድ መኪኖች ጣራ ጎን ባለው ጥቁር የጎማ ወይም የፕላስቲክ መስመር ላይ ጣት የምታህል ክዳን አለች። ሲከፍቷት ከውስጥ ፋብሪካው ራሱ ያበጀው ባለጥርስ የብሎን ቀዳዳ ይገኛል። እንዲህ ያለ መኪና ካለዎት በሩን የሚነክስ እግር አያስፈልግዎትም፤ ለዚያ ቀዳዳ የተሠራውን ይፈልጉ። ከሁሉም የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጣራውን መብሳትስ? ይህን በምንም መንገድ አልመክርም። ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1998 ከጣራው ጎን ወደ ታች የሚዘረጋውን መጋረጃ መሰል ኤርባግ ካስተዋወቀ ወዲህ በብዙ መኪኖች ከበሩ በላይ ያለው ቦታ ባዶ አይደለም። መሰርሰሪያው ኤርባጉን ወይም ሽቦውን ሊያገኝ ይችላል። ኤርባግ በሌለው መኪና ላይም ቢሆን ቀዳዳው ፋብሪካው የቀባውን የዝገት መከላከያ ይሰብራል፤ ክረምቱ ደግሞ ረጅም ነው። ከኮርኒሱ በላይ የጀመረ ዝገት የሚታየው ሲበሳ ነው።

አሁን ወደ መግጠሙ እንምጣ። መጀመሪያ የሚደረገው የሚናቀው ነገር ነው፤ እግሮቹ የሚያርፉበትን ቦታና የጎማ ጫማቸውን በእርጥብ ጨርቅ ማጠብ። በጎማውና በቀለሙ መካከል የቀረ አቧራ በጉዞው ንዝረት ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ እግሩንም ያንሸራትተዋል። ቀጥሎ መለካት ነው። መመሪያው የፊተኛው ዘንግ ከፊት መስታወቱ ጠርዝ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚርቅ፣ ሁለቱ ዘንጎችም ምን ያህል እንደሚራራቁ ይናገራል። በዓይን ግምት አይሁን፤ በግራም በቀኝም በሜትር ይለኩ፣ ምልክቱን በወረቀት ማጣበቂያ ያድርጉ። ጥቂት ሴንቲሜትር መሳት እግሩን የበሩ ክፈፍ ከደከመበት ቦታ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል።

ሲያጠብቁ አንዱን እግር ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ። ግራና ቀኙን እያፈራረቁ በትንሽ በትንሹ ያጥብቁ፤ አለበለዚያ ዘንጉ ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ከፋብሪካ የሚመጡት ብዙዎቹ የራሳቸው ትንሽ ቁልፍ አላቸው፤ አንዳንዱ በቂ ሲሆን ድምፅ ይሰጣል። ያ ቁልፍ ትንሽ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። በረጅም የጋራዥ ቁልፍ በክንድ ሙሉ ማጥበቅ የበሩን አናት ላሜራ ያጎብጣል፣ ጎማውን ይጨፈልቃል፤ ጎማው ሲደክም ደግሞ ይላላል። ጨርሰው ዘንጉን ይዘው መኪናውን ግራና ቀኝ ያወዛውዙት። መኪናው ከነሞላው አብሮ ከተነቃነቀ ተይዟል። ዘንጉ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይጀምሩ።

በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይዝጉ። የኋላውን በር እስከ መጨረሻው ሲያነሱት ጭነቱን ወይም ዘንጉን እንዳይመታ በእጅዎ ይዘው በቀስታ ይሞክሩት፤ የጣራው አንቴናም እንዲሁ ይታይ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው፣ ቆመው፣ እንደገና ያጥብቁ። የመጀመሪያው መላላት ሁልጊዜ ያለ ነው፤ ጎማው እየተቀመጠ ነውና። ከዚያ በኋላ ነዳጅ በቀዱ ቁጥር እጅ ማሳረፍ ይበቃል።

ማሰሪያ ሲመርጡ ከመነዳሪ ተቆርጦ የተሠራውን የጎማ ማሰሪያ ለዋና ማሰሪያነት አይጠቀሙበት። ሸራን እንዳይርገበገብ ለመያዝ ጥሩ ነው። ጭነትን ግን አይይዝም፤ የሚለጠጥ ነገር ዕቃው በተገፋ ቁጥር አብሮት ይሄዳል። የሚበጀው ባለጥርስ ማጥበቂያ ያለው የፖሊስተር ቀበቶ ነው። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም፣ ሲረጥብም አይደክምም፤ ናይለን ግን ውኃ ሲጠጣ ይላላል። በአውሮፓ ደንብ የተሠራ የፖሊስተር ቀበቶ ላይ ሰማያዊ ልጥፍ አለ፤ ቀበቶው የሚችለውን ኃይል ያነቡበታል። የደጋው ፀሐይ ቀበቶን ያቃጥላል። ቀለሙ የገረጣ፣ ሲዳሰስ የሻከረ ቀበቶ ይጣል።

ቀበቶው በነፋስ እየተንቀጠቀጠ ከጮኸ አንድ ጊዜ አጠማዝዘው ይሰሩት። ዝም ይላል።

በር ከፍተው በመኪናው ውስጥ በሚያልፍ ቀበቶ የሚታሰር ለስላሳ ትራስ መሰል መጫኛም አለ። ዘንግ የማይገባበት መኪና ላለው ሰውና ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል። በክረምት ግን ዝናቡ ቀበቶውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ይገባና መቀመጫውን ያርሰዋል።

ርዝመት ሌላው ጉዳይ ነው። ጀርመን አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ልብ በሉ፦ ከኋላ አንጸባራቂው ከአንድ ሜትር በላይ የወጣ ጭነት ቢያንስ 30 በ30 ሴንቲሜትር በሆነ ደማቅ ቀይ ባንዲራ ወይም በተመሳሳይ ምልክት መታየት አለበት፤ ዝቅ ባለ መኪና ላይ ደግሞ ጭነት ከመኪናው አፍንጫ ወደ ፊት መውጣት አይፈቀድም። እዚህም ቢሆን ከኋላው ፌሮ ወይም መሰላል የወጣ መኪና ቀይ ጨርቅ ቢያስር ከኋላ የሚመጣውን የሞተር ሳይክል አሽከርካሪ ዓይን ያድናል።

ቁመትም አለ። ብስክሌት ቆሞ የተጫነበት መኪና ከሁለት ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፤ የሕንፃ ሥር መኪና ማቆሚያዎች መግቢያ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጥም። አዲሱን ቁመት ለክተው በወረቀት ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉት።

የፖርቶ መጋላ ገበያ የሚመሩት ኩባንያዎች የተነሡት ከውኃ መሆኑንስ? የስዊድኑ ቱሌ ስሙ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1942 ኤሪክ ቱሊን ለአሣ አጥማጆች በሠራው የአሣ ወጥመድ ላይ ነው፤ ወደ መኪና ጣራ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። የአሜሪካው ያኪማ ደግሞ በ1970ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት ሲመሠረት የሚሠራው በካያክ ጀልባ ውስጥ የቀዛፊው እግር የሚያርፍበትን መርገጫ ነበር።

ከቅርብ ጊዜ ፈጠራዎች ልቤን የወሰደው የዳሲያ ሳንደሮ ስቴፕዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የቀረበው ሞዴል ጣራው ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉት ሁለቱ የጎን ብረቶች ራሳቸው ተፈትተው፣ ዞረው፣ አግዳሚ ሆነው ይታሰራሉ። የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍ ነው፤ 80 ኪሎ ይሸከማል። ሥራ ሲያልቅ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ነፋሱም አያገኛቸውም።

በአገራችን ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ በየመንገዱ የምናያቸው አዳዲስ ትናንሽ መኪኖች የኤሌክትሪክ ሆነዋል። ለእነሱ የጣራ ጭነት ጉዳቱ የበለጠ ይታያል፤ ነዳጅ ሲጨምር ገንዘብ ይወጣል፣ ባትሪ ሲያልቅ ግን መኪናው መንገድ ላይ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በአንድ ሙሌት የሚደርስ መኪና ጣራው ላይ ሳጥን ከተሸከመ ዝዋይ ወይም ሻሸመኔ ላይ የሚሞላበትን ቦታ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ብዙዎቹ ደግሞ ጣራቸው ሰፊ መስታወት ነው፤ ዘንጉ በመስታወቱ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ብረት ላይ ብቻ ያርፋል። አንዳንዱ መመሪያ የጣራ ጭነትን በጭራሽ አይፈቅድም። መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ መመሪያውን ከፍቶ የጣራ ጭነት የተጻፈበትን ገጽ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ገጹ በቻይንኛ ብቻ ከሆነ እንዲተረጎምልዎት ይጠይቁ፤ ከኪሎ ጎን ያለው ቁጥር ዜሮ ሊሆን ይችላል።